ከግሸን የወረደው ፒያኖ

እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳይ አገር አንድ ሲዲ ወጣ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የአልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ነበር። የቀደሙትን ቅጾች የሚያውቅ አድማጭ የለመደው የማሕሙድ አሕመድን ድምፅ፣ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ነው። በዚህኛው ላይ ዘፋኝ የለም፤ ከበሮ የለም፤ አጃቢም የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማው ፒያኖ ብቻ ነው። ተጫዋቿ ደግሞ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚኖሩ የ82 ዓመት መነኩሲት፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ።

የሰማው ሁሉ ስም ሊያወጣለት ተሽቀዳደመ። ከፊሉ ጃዝ ነው አለ፤ ከፊሉ ብሉዝ ነው አለ። የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎቹን ሾፐንን የሰማበትም፣ ኤሪክ ሳቲን የሰማበትም ነበር። ቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ እርሳቸው ያሰናዳው ዝግጅት ርእሱን የተዋሰው ሆንኪ ቶንክ ከሚባለው የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች የፒያኖ ስልት ነው። ሰው ያልለመደውን ድምፅ ሲሰማ ከሚያውቀው ጋር ማዛመዱ ያለ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የእማሆይን ዕድገት ደረጃ በደረጃ ለተከተለ ሰው ጃዝም ሆንኪ ቶንክም መንገድ ላይ አይገኙም። የሚገኙት ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው፦ የአውሮፓው የኖታ ትምህርትና የቅዱስ ያሬድ ዜማ። እኔ እስከማምነው ድረስ፣ ስማቸውን ዓለም እንዲያነሳ ያደረገው ሁለተኛው ነው።

የውብዳር ገብሩ የተወለደችው ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። እናቷ ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ፣ አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። ከንቲባ ገብሩ በዘመኑ አውሮፓ ተምረው ከተመለሱ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ጀርመንኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎች ይናገሩ ነበር፤ የጎንደር ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል፤ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በተላከው የኢትዮጵያ የመልእክተኞች ቡድን ውስጥ ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ተጉዘዋል። የውብዳር ስትወለድ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ።

ሴት ልጅ ማስተማር ቅንጦት በሚመስልበት በዚያ ዘመን እኚህ አባት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ከታላቅ እኅቷ ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩ። ስንዱ ገብሩ ኋላ ጸሐፊ፣ አርበኛ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተርና በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት ናቸው። ከአንድ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ሴቶች መውጣታቸውን እንደ አጋጣሚ አላየውም። አባትየው አውቀው ያደረጉት ነገር ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ከሆነው ሁሉ እማሆይ በስተርጅና ሳይቀር ያስታውሱት የነበረው አንድ ዐይነ ስውር ፒያኒስት ያቀረበው ኮንሰርት ነው። ትንሿ የውብዳር ቁጭ ብላ አዳመጠች፤ ሙዚቃው እዚያው ያዛት። የመጀመሪያ መሣሪያዋ ግን ቫዮሊን ነበር። ፒያኖም ጎን ለጎን ተማረች። የቫዮሊኑን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ቫዮሊን የሚማር ልጅ ድምፁን ራሱ በጣቱ ፈልጎ ያገኛል፤ ጣቱ ጥቂት ከፍ ዝቅ ካለ ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል። ፒያኖ ይህን አይፈቅድም።

እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አገሯ ተመልሳ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገባች። ጥሩ ኑሮ ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ እየተለየ ይታደን ጀመር። የከንቲባ ገብሩ ቤት የተማረ ሰው የሞላበት ነበርና አልተረፈም። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች ተገደሉ። የቀሩት ተግዘው አዚናራ ወደምትባል ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለች ደሴት ተወሰዱ፤ ቀጥሎም ከኔፕልስ ብዙም ወደማትርቀው ወደ መርኮሊያኖ ተዛወሩ። የውብዳር ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሙዚቃ ያስተማራትም፣ የቤተሰቧን ሰዎች የገደለባትም ያው አውሮፓ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሙዚቃዋ ውስጥ ያለውን ኀዘን ሲሰማ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ከነፃነት በኋላ ትምህርቱ ካቆመበት ቀጠለ፤ አሁን ካይሮ ውስጥ። መምህሯ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊኒስት ነበር። የቀን ልምምዷ፣ ፒያኖውና ቫዮሊኑ ተደምሮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት መለማመድ ምን ማለት እንደሆነ መሣሪያ ይዞ የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። አንዲቱን መስመር መቶ ጊዜ መደጋገም ነው። ግራና ቀኝ እጅ ሁለት የተለያየ ነገር እያሰቡ አብረው እንዲሄዱ ማስለመድ ነው። ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት በተፈጥሮ ደካሞች ስለሆኑ እነርሱን ከአውራ ጣት ጋር እስኪስተካከሉ ማጠንከር ነው። እማሆይን «በተሰጥኦ ብቻ የሚጫወቱ» አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ላብ ይረሱታል። በቀረጿቸው ሥራዎች ላይ ጣቶቻቸው እንደ ልባቸው የሚሮጡት ካይሮ ላይ ስለተገሩ ነው።

የካይሮ ሙቀት ግን ጤናዋን ጎዳው፤ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ኮንቶሮቪችም አብሮ መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በኋላም በክብር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ አገለገለች።

ከዚያ ትልቁ ዕድል መጣ። ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦቭ ሚዩዚክ እንድትማር ተፈቀደላት። ለአንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ከዚህ የበለጠ ደረጃ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሰዓት የደከመችውም ለዚህ ነበር። ግን ከአገር እንዳትወጣ ተከለከለች። ኋላ እማሆይ በዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ ዝርዝሩን ከማውራት ይልቅ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው ያልፉት ነበር። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። የውብዳር ምግብ አልቀምስም አለች። አሥራ ሁለት ቀን ጾመች። ከሞት አፋፍ ስለደረሰች ሥጋ ወደሙ እንድትቀበል ጠየቀች፤ ቆረበች፤ ከዚያም ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ሰላም አግኝታ ነበር፤ ሙዚቃንም ትታዋለች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን የከንቲባ ገብሩ ልጅ ታደርገዋለች ብሎ የጠበቀ ያለ አይመስለኝም። ከእናቷ ጋር አንድ ጊዜ ተሳልማው ወደነበረው ወደ ግሸን ማርያም በድብቅ ሄደች።

ግሸን ደብረ ከርቤ ወሎ ውስጥ፣ አምባሰል ላይ ያለች፣ ከላይ ሲያዩዋት የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያሳረፉባት ቦታ በመሆኗ በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝበ ክርስቲያኑ ገደሉን ወጥቶ ይሳለማታል። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩባት ነበረች። አንድ ጊዜ ደሴት ላይ በግዞት የኖረችው ወጣት አሁን በገዛ ፈቃዷ አምባ ላይ ወጣች። መነኮሰች። የውብዳር የሚለው ስም ቀርቶ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ።

ጫማቸውን አወለቁ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ የጭቃ ጎጆ ውስጥ ኖሩ። የግሸን ድንጋይና ውርጭ እግራቸውን ሰነጣጠቀው። ፒያኖ አልነበረም፤ ቫዮሊን አልነበረም። ጸሎት ነበረ። ጸሎቱ ግን በዜማ ነው፤ ይህን ነው ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት። አሥር ዓመት ከሙዚቃ ራቁ ይላሉ። ኪዳኑ በዜማ፣ ቅዳሴው በዜማ፣ ማኅሌቱ በዜማ በሆነበት ገዳም አሥር ዓመት የኖረ ሰው ከሙዚቃ ራቀ አይባልም። የራቀው ከኖታ ነው። ጣት ሲያርፍ ጆሮ ይማር ነበር።

ከግሸን ወርደው አዲስ አበባ ከእናታቸው ዘንድ ሲመለሱ ፒያኖውም ተመለሰ፤ አሁን ግን የራሳቸውን ድርሰት ይጽፉ ጀመር። ቀጥሎ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ በጥናት ተከታተሉ። ጎንደር በበዓታ የአቋቋም ትምህርቷ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት፤ ተማሪው ከየአውራጃው በእግሩ እየተጓዘ ይመጣባታል። የዚያን ተማሪ ኑሮ አንባቢ አያጣውም። ልብሱ ደበሎ ነው፤ ትከሻው ላይ አኩፋዳ፣ እጁ ላይ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዟል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ማታ የሚያድረው በሣር ጎጆ ነው፤ እርሷም ካልተገኘች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር። በቀን የለመነውን በልቶ ሌሊት ድጓ ያጠናል።

እማሆይ በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እነዚህን ልጆች ደጁ ላይ ተኝተው ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ሙዚቃውን ሸጠው ሊረዷቸው ወሰኑ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥለው ያሳተሟቸው ሸክሎችም ለችግረኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበሩ። ዝናን ሊያሳድዱ ስቱዲዮ አልገቡም፤ ዝና እርሳቸውን እስኪያገኛቸውም አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

አሁን ወደ ፒያኖው ልግባ። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ እስከ ተከታዩ ከፍ ያለ ተመሳሳይ ድምፅ ድረስ አሥራ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ ሁሉም አስቀድመው የተቃኙና ከቦታቸው የማይነቃነቁ ናቸው። የእኛ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ይጠቀማሉ። በቁጥር ካየነው አምስቱን ከአሥራ ሁለቱ መርጦ መጫወት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው በድምፆቹ መካከል ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን እያንሸራተተ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ መሪጌታ ድምፁን እየሰበረና እያንቀጠቀጠ ይወርዳል። የዜማው ነፍስ ያለው በዚያ መንሸራተትና መሰበር ውስጥ ነው። ፒያኖ ላይ ደግሞ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም ነገር የለም። አምስቱን ድምፆች ደረቅ አድርጎ የሚመታ ሰው ቅኝቱን በትክክል ተጫውቶም ዜማውን ይገድለዋል።

እማሆይ ይህን እንዴት እንደፈቱት ለማወቅ ቀኝ እጃቸውን ማዳመጥ ነው። ዋናው ድምፅ ከመመታቱ በፊት ጎረቤቱን ቁልፍ በጣም በፍጥነት ነካ አድርገው ያልፋሉ። ጆሮ ሁለት ድምፅ ሳይሆን አንድ የተንሸራተተ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። ሐረጉ ሲያልቅ ደግሞ ድምፆቹ እየተከታተሉ በጥድፊያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቫዮሊን ያስለመደው ጆሮና ግሸን ያስለመደው ጆሮ እዚህ ተገናኙ ማለት ነው።

የያሬድን ዜማ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያውቀው ነገር አለ። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፦ ድምፅን ወደ ታች የሚያወርደው ድፋት፣ ወደ ላይ የሚያነሣው ቅናት፣ የሚያስሮጠው ሂደት፣ ድንገት የሚያቆመው ቁርጥ፣ እያንጠባጠበ የሚያወርደው ርክርክ። የእማሆይን አንድ ድርሰት ከፍቶ እነዚህን ምልክቶች እያሰበ ያዳመጠ ሰው ብዙዎቹን ያገኛቸዋል። በተለይ ርክርኩን ለመስማት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ግራ እጃቸው ግን አውሮፓዊ ነው። ድምፆቹን ዘርዘር አድርጎ እያነሣ ቀኙን ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቫልስ ይመስላል። ጊዜውን በተመለከተ ግን ግራውም ቀኙን ይታዘዛል። የአውሮፓ ኖታ ጊዜን በእኩል ምት ይከፍላል። በዜማ ግን ጊዜውን የሚወስነው ቃሉና የሚያዜመው ሰው ትንፋሽ ነው፤ ቃሉ ሲረዝም ይረዝማል፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ያርፋል። የእማሆይ ሐረጎች እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ይፈጥናል፤ ተከታዩ ይዘገያል፤ በመካከል ያልተጠበቀ ዝምታ አለ። ምዕራባውያን አድማጮች ጃዝ ነው ያሉት ይህን ነፃነት ሰምተው ነው። ነፃነቱ ግን ከኒው ኦርሊንስ ሳይሆን ከቅኔ ማኅሌት የመጣ ነው። ቅኔ ማኅሌት ደግሞ ከኒው ኦርሊንስ ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1984፣ እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ ቀድሞም ወደሚያውቋት ወደ ኢየሩሳሌም ጠቅልለው ሄዱ። መኖሪያቸው አፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ፒያኖ፣ በገዛ እጃቸው የሳሏቸው ቅዱሳት ሥዕላትና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ ትይዝ ነበር። እዚያ ሃያ ዓመት ያህል ማንም ሳያውቃቸው ሲጽፉና ሲጫወቱ ኖሩ።

ከዚያ ነው የ«ኢትዮፒክስ» አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮዎቹን ቅጂዎች ሰብስቦ ያንን 21ኛ ቅጽ ያወጣው። ሲዲው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ከሰሙት መካከል ማያ ዱኒትዝ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኒስትና የኦርኬስትራ መሪው ኢላን ቮልኮቭ ነበሩ፤ ገዳሙ ድረስ ሄደው ጎበኟቸው። በኋላም እማሆይ በእርሳስ የተጻፉ በመቶ የሚቆጠሩ የኖታ ወረቀቶች በላስቲክ ከረጢት አድርገው ለዱኒትዝ ሰጧት። ወረቀቶቹ ተደበላልቀዋል፤ ማንኛው የየትኛው ድርሰት እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ዱኒትዝ ሥራውን ጨርሳ የተመረጡት ድርሰቶች እ.ኤ.አ. በ2013፣ ለ90ኛ ዓመት ልደታቸው፣ በመጽሐፍ ታተሙ። ኢየሩሳሌም ላይም የእርሳቸው ድርሰቶች የቀረቡባቸው ኮንሰርቶች ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ቤት አልባው መንገደኛ» የሚል ትርጉም ያለው ድርሰታቸው «ፓሲንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ፊልሙ የ1920ዎቹን የኒው ዮርክ ሐርለምን ታሪክ ይተርካል፤ ያለ ስሙ ቢሰማ የሐርለም ሙዚቃ ነው ብሎ የሚምል አይጠፋም። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ።

የለንደኑ ዕድል ባይዘጋ ምን ይሆኑ ነበር የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ጥሩ ፒያኒስት ይሆኑ ነበር። ለንደን ጥሩ ፒያኒስት ሞልቶ ነበር። የከለከላቸውን ሰው ግን በዚህ አላመሰግንም፤ በደል በደል ነው። ምስጋናው የሚገባው የተዘጋውን በር ትተው በባዶ እግራቸው ሌላ መንገድ ለጀመሩት ለእርሳቸው ነው፤ የሌሊት ዜማቸውን ሳያውቁት ላስተማሯቸው የጎንደር ተማሪዎችም ነው።

ፒያኖ ለምታስተምሩ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። የእማሆይ ኖታ ታትሟል፤ ይገኛል። ተማሪዎቻችሁ ከሾፐንና ከባኽ ጎን አንድ ድርሰታቸውን ያጥኑ። ጣታቸው ቢያጠናውም ሐረጉ አልሆን ብሎ ካስቸገራቸው፣ ሜትሮኖሙን አጥፉና በበዓል ሌሊት ማኅሌት ወደሚቆምበት ደብር ውሰዷቸው።